አሜን ያጣ ማዕድ

እኔና እግዜር ተኳርፈን ነበር። ማለቴ፣ እኔ አኩርፌው ነበር፤ የእሱን አላውቅም።

ይሄን ስናገር ሰው ይደነግጣል። እምነትሽን ጣልሽ እንዴ ይሉኛል። ምን በወጣኝ! የሌለን ማን ያኮርፋል? መኖሩን በደንብ ስለማውቅ ነው ፊቴን ያዞርኩበት። ባሌን ስትሮክ የመታው ዕለት፣ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ ያ ብርዱ አጥንት የሚሰብር የብረት ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ባሌን ብቻ አትውሰድብኝ ብዬ ለመንኩት። ድምፄ እስኪዘጋ ለመንኩት። አልወሰደውም። ግን ምን አድርጎ መለሰልኝ? ቀኝ ጎኑ የማይታዘዝ፣ አፉ ወደ አንድ ወገን ያዘመመ፣ አንዲት ቃል የማትወጣው፣ ዓይኑን መስኮት ላይ ተክሎ የሚውል ሰው። እኔ የለመንኩት ይሄን ነው? እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ባሌ መስታወት ቆራጭ ነው። የቤታችን የፊተኛው ክፍል ሱቁ ነው፤ ከኋላ እኛ እንኖራለን። የሰፈሩ የተሰበረ መስኮት ሁሉ የሚመጣው እሱ ጋ ነው። መስታወት ሲቆርጥ ላየው ሰው ያስቃል። ትንፋሹን ይይዛል፣ የምላሱን ጫፍ በአፉ ጥግ ያወጣል፣ ፊቱ ቲማቲም ይመስላል። ከዚያ መቁረጫውን አንድ ጊዜ ብቻ ከላይ እስከ ታች ይስበዋል። ሁለተኛ አይደግምም፤ ከተደገመ ያለቦታው ይሰነጠቃል ይላል። ጠርዙ ቀጭ ብሎ ሲለቅለት ነው የሚተነፍሰው። እኔ ደግሞ ልብስ ተኳሽ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ዋናው መንገድ ላይ ባለው ላውንደሪ ውስጥ ከካውያና ከእንፋሎት ጋር ነው። እጄ ላይ ካውያ ያልነካው ቦታ ካለ ፈልጎ ማግኘት ነው። በተቃጠልኩ ቁጥር እጄን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የሚነክርልኝ፣ ቅባት የሚቀባልኝ፣ በነጭ ፋሻ የሚጠቀልልኝ እሱ ነበር። እየጠቀለለም ይቆጣኛል፤ ልብሱን ተኩሺ እንጂ ራስሽን ተኩሺ ማን አለሽ ይለኛል።

ይሄ ሰውዬ አንድ አመል አለው። ሳይጸልይ አይበላም። መጸለዩስ ባልከፋ፤ ጸሎቱ ከተጋባን ጀምሮ አንድ ነው፤ አይጨመርበት፣ አይቀነስበት። እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቀስ ብሎ እንዲህ ይላል፦

«ጌታ ሆይ፣ ይህን ማዕድ ባርክ። ያቀረበውን እጅ ባርክ። ዛሬ ያጣውን ሰው አስብ። እኛንም ከነጉድለታችን ተቀበለን።»

በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ሲጨርስ እኔ አሜን ካላልኩ ማንኪያ አያነሳም። ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ከሥራ የመጣሁ፣ እግሬ ያበጠ፣ ሆዴ የሚጮህ ሴት ነኝ እኮ! ሾርባው በረደ፣ እግዜርም ሰምቶሃል፣ ብላ በቃ እለው ነበር። አንድ ቀን ደግሞ፣ ሰው እንዴት አዲስ ጸሎት ያጣል፣ እግዜር እኮ ይሄን ነገር ሰልችቶት ጆሮውን ሳይደፍን አይቀርም ብዬ ቀለድኩበት። ቀና ብሎ አየኝና «እጅሽን እኮ ነው የማስባርክልሽ፤ ምኑ ይሰለቻል?» አለኝ። አሜን ብዬ በላሁ።

ከሆስፒታል ስንመለስ ግን ጸሎት የሚባል ነገር ከጠረጴዛችን ቀረ። ማን ይጸልይ? እሱ አፍ የለው፣ እኔ አኩርፌያለሁ። እዚያ እያለ የሚመገበው በአፍንጫው በገባ ቱቦ ነበር። መዋጥ እንደሚችል ፈትነው፣ ቱቦውን ነቅለው፣ በማንኪያ አብዪው ብለው ላኩልኝ። እሺ ብዬ ሾርባ ሠራሁ። ዳቦ ነከርኩበት። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠግቼ ማንኪያውን ወደ አፉ ወሰድኩ። አፉን ግጥም አደረገ።

ፈጅቶት ነው ብዬ አቀዘቀዝኩት። አፉን ግጥም። ጨው በዝቶ ይሆናል ብዬ ሌላ ሠራሁ። ግጥም። ድንች ፈጨሁ፣ ሩዝ አላምኩ፣ እንቁላል መታሁ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩበት። ፊቱን ያዞራል፣ ወይም ዓይኑን ጨፍኖ አገጩን ደረቱ ላይ ይጥላል። ወተትና ውሃ በብርጭቆ ስሰጠው ይጠጣል፤ ሳህን ፊቱ ካረፈ ግን አለቀ። ልጃችን ጠዋት ጠዋት እየመጣች፣ እኔ ሥራ ስሄድ ከእሱ ጋር ትውላለች፤ እሷም ሞክራ ሞክራ አቃታት። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። ፊቱ ከመክሳቱ የተነሳ ጥርሱ ብቻ ቀረ። እኔ ካውያውን ይዤ ቆሜ የማየው የሰው ሸሚዝ ሳይሆን የእሱን አንገት ነው፤ ኮሌታ የማይሞላ አንገት።

መልሰን ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሙ መርምሮት ሲያበቃ እኔንና ልጄን ወደ ጎን ወሰደን። ደግ ሰው ነው፤ አነጋገሩም የዋህ ነው። አንዳንድ በሽተኛ እንዲህ ካለ ነገር በኋላ መኖር ያስጠላዋል አለን። አንዳንዱ ደግሞ የቀረበለት ምግብ መሆኑን፣ ያቀረበለትም ማን መሆኑን ላያውቅ ይችላል አለን። ሰኞ ይምጣና ሆዱ ላይ ቱቦ እናስገባለታለን፤ ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ስለሚከብዳችሁ ነርሶች ያሉበት ቦታ ቢሆን ይሻላል አለን። እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት።

«ዶክተር፣ እዚያ ውስጥ አለ ወይስ የለም?»

ሐኪሙ ጫማውን አየ። «እናቴ፣ ይሄን አሁን ማወቅ አይቻልም» አለኝ።

ልጄ በመንገድ ሁሉ ስታለቅስ መጣች። ቤት ስንገባ፣ እማዬ፣ እዚያ ይሻለዋል፣ አንቺም ልትወድቂ ነው አለችኝ። አባትሽን እንደ አሮጌ ቁምሳጥን የትም አላስቀምጥም ብዬ ጮህኩባት። ወዲያው ቆጨኝ፤ ልጄ ምን አደረገች? እውነቷን ነው። ግን ሆዴ አልቆርጥ አለ። ቱቦውም አይደለም ያስፈራኝ። ውስጥ ካለ፣ ልብሱን ጭኜ ከገዛ ቤቱ ሳስወጣው እያየኝ ነው። ከሌለ ደግሞ እኔ የማንን አፍ ነው ስለምን የከረምኩት? በሩን የማንኳኳው ሰው ያለበት ቤት ይሁን ባዶ ቤት፣ ይሄንን ብቻ ነበር ማወቅ የፈለግሁት። እግዜርን አልጠየቅሁትም። ተኳርፈናል ብያለሁ እኮ።

ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ አናጺው መጣ። ይሄ ሰው የመስኮት ፍሬም ይሠራል፣ ባሌ መስታወቱን ይገጥማል፤ ከወጣትነታቸው ጀምሮ እንዲህ ተደጋግፈው ነው የኖሩት። እኔ «ሙሉ ሳህን» ነው የምለው። ምሳ ሰዓት ሲሆን ከየትም ብሎ ከተፍ ይላል፤ ሳህኑ ጎደል ካለም ፊቱ ይጠቁራል። ፊት ለፊት ጠርቼው አውቃለሁ፤ ይስቃል እንጂ አይቀየምም። ባሌ ከታመመ ወዲህ ግን ዝር ብሎ አያውቅም ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ቆቡን እያሻሸ፣ እንዲህ ሆኖ ላየው አልቻልኩም፣ ሁለቴ እዚህ በር ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ አለኝ። እንደ ልቤ ልሰድበው ነበር። ዓይኑን ሳየው ተውኩት። ግባና ብላ አልኩት።

ሦስት ሳህን አቀረብኩ። ሾርባ፣ ዳቦና የተቀቀለ ድንች ነው። ባሌ አጠገብ ተቀምጬ እንደ ልማዴ ማንኪያውን አነሳሁ፤ እሱም እንደ ልማዱ አፉን ገጠመ። በዚህ መሃል አናጺውን ሳየው እየበላ አይደለም። ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ደፍቷል። ያ ሆዳም! ለካስ በዚህ ጠረጴዛ ስንት ዘመን ሲበላ፣ ባሌ ሳይጸልይ አንድ ጉርሻ አፉ ገብቶ አያውቅም። አስቦበት አይደለም፤ እጁ በራሱ ጊዜ ተዘረጋ። ኧረ ብላ፣ ማን ይጸልይልሃል ብለህ ነው ልለው አፌን ከፈትኩ።

«ጌታ ሆይ» አለ አንድ ድምፅ።

ዝገት የበላው በር ሲከፈት የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ ነው። አናጺው ነው ብዬ አየሁት፤ እሱ ግን ዓይኑን አፍጥጦ ከእኔ ጎን ያለውን ሰው እያየ ነው። ዞር አልኩ። ባሌ ግራ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷል። ቀኙ ጭኑ ላይ ወድቋል። ዓይኑ ተጨፍኗል።

«ይህን ማዕድ ባርክ። ያቀረበውን እጅ ባርክ። ዛሬ ያጣውን ሰው አስብ። እኛንም ከነጉድለታችን ተቀበለን።»

ቃሉ ሁሉ ሙሉ ነው። ያዘመመው አፉ እያንዳንዷን ቃል በቦታዋ አስቀመጣት። እኔ ማንኪያው በእጄ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ። አናጺው «አሜን!» ብሎ ሲጮህ ነው የባነንኩት፤ ለእግዜር ይሁን ለድንቹ እንጃለት። ያኔ ባሌ ዓይኑን ገለጠና ወደ እኔ ዞሮ አፉን ከፈተ።

በላ። ተቻኩዬ ግማሹን ደረቱ ላይ አፈሰስኩት፤ የቀረውን በላ። ሳህኑ እስኪፋቅ በላ። ለካስ መኖር አልጠላም። ለካስ ምግቡንም አልጠላም። እኔ በየቀኑ አፉ ላይ ማንኪያ ስደቅን፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ አገጩን ሲጥል፣ እጅ ተዘርግቶ ጸሎት እስኪጀመር እየጠበቀ ነበር። ተነስቼ ኩሽና ገባሁና ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። አናጺው ዳቦ ይዞ ተከተለኝ። እኔ እኮ እግዜርን አኩርፌ ነው ጸሎት ያስቀረሁት አልኩት፣ ለማንም ያላልኩትን። ትንሽ አኘከና «አንቺና እሱ ተኳረፉ፤ ጓደኛዬን ለምን ታስርቢዋለሽ?» አለኝ። በሳህን ልለው ፈለግሁ። እውነቱን ስለሆነ ግን ዳቦ ጨመርኩለት።

ሰኞ ለቱቦ ሳይሆን ለማሳየት ወሰድነው። ሐኪሙ ደስ አለው፤ ቱቦው ይቅር አለ። ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ሰው እየጎረፈ መጣ፤ ተአምር ነው ይላሉ፣ ነገ ይነሳል ይላሉ፣ ወጥተሽ መስክሪ ይሉኛል። አልመሰክርም አልኳቸው። ኩራት አይደለም፤ ፈርቼ ነው። ደስታዬን ጮክ ብዬ ከተናገርኩት የሚሰበር መሰለኝ። መስታወት ቤት ውስጥ የኖረ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው።

ደግሞም አልተሳሳትኩም። የንግግር ሕክምና የምትሰጠዋ ወጣት ሴት ቤት ድረስ መጥታ አየችው። ብዕር አሳየችው፣ ቁልፍ አሳየችው፣ የኔን ፎቶ አሳየችው፤ ምንድን ነው፣ ማን ናት አለችው። ለሁሉም አንድ መልስ ሰጣት። ጌታ ሆይ። ብዕሩም ጌታ ሆይ፣ ቁልፉም ጌታ ሆይ፣ እኔም ጌታ ሆይ። ከዚያ እኔን ጠርታ፣ እንዳልከፋ እየተጠነቀቀች፣ ነገሩን አስረዳችኝ። ሰው ዕድሜ ልኩን የደገመው ጸሎት ወይም መዝሙር የሚቀመጠው ሌላ ቦታ ነው፤ ሌላው ንግግር ሁሉ ሲጠፋ እሱ ሊተርፍ ይችላል አለችኝ። አፉ ይለዋል እንጂ አስቦ ነው ማለት አይደለም አለችኝ።

«ታዲያ ውስጥ አለ ወይስ የለም?» አልኳት።

«ይኖራል፤ ግን ጸሎቱ አያሳየንም፣ እማማ። ከጸሎቱ ውጭ አንዲት ቃል ራሱ መርጦ ቢናገር፣ ያኔ ሌላ ነገር ነው። ብዙ እንዲጠብቁ ግን አልፈልግም።»

አመሰገንኳት፣ እስከ በሩ ሸኘኋት። ተመልሼ ወንበሩ ፊት በርከክ አልኩና ማን ነኝ አልኩት። ጌታ ሆይ አለኝ። ኧረ እኔ ሚስትህ ነኝ፣ ጌታህ አይደለሁም አልኩት። ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ ሆዴ ባባና እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። እሱ በላዬ አሻግሮ መስኮቱን ያያል። በጤናው ጊዜ ራሱ የገጠመው መስኮት ነው፤ መስታወቱ አንዲት አረፋ የለበትም።

ኑሮው ቀጠለ። ልጄ ሙሉ ቀን ሥራ ስለጀመረች አናጺው መሣሪያውን ጠቅልሎ ሱቃችን ገባ። ቀን ፍሬሙን እየላገ በሩን ክፍት አድርጎ ይጠብቀዋል፤ ምሳም አብረው ይበላሉ፤ ማን እንደሚያተርፍ ግልጽ ነው። ማታ ማታ ግን እኔና እሱ ብቻ ነን። ብቻችንን የቀረንበት የመጀመሪያው ማታ፣ እንደ አናጺው እጄን ጠረጴዛው ላይ ስዘረጋለት እሱ ጸለየ፣ ጨረሰ፣ እኔ ማንኪያ አነሳሁ። አፉን ገጠመ። አሜን አላልኩማ! ሾርባውን አየሁ፣ ጣራውን አየሁ። ይሄ ነገር ማስገደድ ነው አልኩ በሆዴ። በመጨረሻ ጥርሴን ነክሼ አሜን አልኩ፤ አፉን ከፈተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማታው አሜን አልኩ። ለእግዜር አልነበረም፣ ለማንኪያው ነው። እሱም ያውቀዋል፤ አልደበቅሁትም።

ክረምት ገባ። ሱቁ ጣራ ላይ ዝናብ ሲወርድ ቤቱ ይጨልማል። ከሥራ ስመጣ አናጺው ቆቡን አድርጎ ይወጣል፤ እኔ መብራት አበራለሁ፣ ባሌን አጥባለሁ፣ ልብሱን እቀይራለሁ፣ ሾርባውን አሞቃለሁ። አላዋራውም ነበር። መጀመሪያ አካባቢ ስለ ላውንደሪው፣ ስለ ደንበኛው፣ ስለ ሰፈሩ ሁሉ እነግረው ነበር፤ ዓይኑ ላይ ምንም ሳጣ ተውኩት። ሰው ከግድግዳ ጋር ስንት ቀን ያወራል? አንዳንድ ቀን ጸሎቱን ሲል እሰማዋለሁ። እኛንም ከነጉድለታችን ተቀበለን ሲል፣ በጤናችን ስንት ዘመን የሰማሁት ቃል ያን ጊዜ ነው ጆሮዬ የገባው። ጉድለት ማለት ምን እንደሆነ ስንጋባ ምን አውቀን ነበር? ልቤ ላላ ይልና መልሶ ይጠጥራል። አፉ ነው የሚለው፣ እሱ አይደለም እላለሁ።

ሐሙስ ዕለት ላውንደሪው በሆቴል አንሶላ ተጨናንቋል። እንፋሎቱ ፊት አያሳይም። አንሶላውን ዘርግቼ ካውያውን አነሳሁ። ልጄ ጠዋት ያለችኝን ነገር እያሰብኩ ነበር፤ ክረምቱ እስኪያልፍ ነርሶቹ ጋ ይሁን፣ እሱ እንደሆነ የት እንዳለ አያውቅም ብላኝ ነበር። አያውቅም። እዚህች ቃል ላይ ደርሼ ካውያውን መልሼ ሳሳርፍ የገዛ እጄ ላይ አሳረፍኩት። ሌላው ተኳሽ የሚያቃጥለው ግራ እጁን ነው፤ እኔ ደግሞ ግራኝ ስለሆንኩ በግራ ተኩሼ ቀኜን ጠበስኩ። አልጮህኩም እንኳ። ባልደረቦቼ ውሃ አፈሰሱበት፣ ቅባት ቀቡልኝ፣ በፋሻ ጠቀለሉልኝ። አንዷ ስትጠቀልል፣ አይ፣ ባሌ ከአውራ ጣት ነው የሚጀምረው ብዬ ልቆጣት ዳዳኝ። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው፤ ሁሉም አሞኝ መሰላቸው።

ቤት ስደርስ እጄን ኮቴ ውስጥ ደብቄ ነው የገባሁት። አናጺው ቢያይ ወሬ ያበዛል፤ የወሬ አቅም አልነበረኝም። እሱ ወጣ። ለባሌም ምንም አላልኩም፤ ለማን ልበል? ኮቴን አወለቅሁ፣ መብራት አበራሁ፣ ሾርባውን በአንድ እጄ አሞቅሁ። ሳህኑን ሳቀርብ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ፈሰሰ። ወስኛለሁ። ልጄ ልክ ናት፣ ነገ እሺ እላታለሁ፣ በቃኝ። ይሄንን በሆዴ ይዤ፣ የተጠቀለለውን እጄን ጠረጴዛው ላይ አሳርፌ ቁጭ አልኩ።

«ጌታ ሆይ፣ ይህን ማዕድ ባርክ» አለ።

ከዚያ ቆመ።

ጠበቅሁት። አልቀጠለም። ይቺንም ልትወስድበት ነው አልኩ፤ አዎ፣ ለእግዜር ነው ያልኩት፣ ከተኳረፍን ወዲህ የመጀመሪያ ቃሌ ነው። ይቺን አንዲት ነገር እንኳ አትተውለትም? ቀና ብዬ ባሌን አየሁት።

ዓይኑ ተገልጧል። ሲጸልይ ዓይኑን ገልጦ አያውቅም። መስኮቱን አይደለም የሚያየው፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፋሻ ነው የሚያየው። ትንፋሹን ይዟል። የምላሱ ጫፍ ባልዘመመው አፉ ጥግ ወጥቷል። ፊቱ እየቀላ እየቀላ ሄደ። ይሄን ፊት አውቀዋለሁ። ስንት ዘመን ሱቁ በር ላይ ቆሜ የሳቅሁበት ፊት ነው። ትንፋሼን እኔም ያዝኩ።

«የ...» አለ። ጠፋው። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ግራ እጁን ከጠረጴዛው አንስቶ ወደ ፋሻው ገፋው፣ ጣቱ ጫፉን ነካው።

«የተቃጠለውን» አለ። «የተቃጠለውን እጅ ባርክ።»

ከዚያ ተነፈሰ። ዓይኑን ጨፈነና የቀረውን እንደ ወትሮው ቀጠለ፤ ዛሬ ያጣውን ሰው፣ እኛንም ከነጉድለታችን። ጨረሰና ዓይኑን ገልጦ ይጠብቀኝ ጀመር።

ለሰሚው እንዳልዋሽ፣ ባሌ ከዚያ ወዲህ ተናጋሪ አልሆነም። ብዕሩ ዛሬም ጌታ ሆይ ነው። ቀኝ እጁም እንደወደቀ ነው፣ ሱቁም የአናጺው ፍሬም መከመሪያ ሆኖ ቀርቷል። ልጄ ነርሶቹ ጋ ይሂድ ማለቷን ትታለች። የዚያን ማታ ግን ይሄን ሁሉ አላውቅም ነበር፤ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቤቱ ባዶ አልነበረም። ስገባ ስወጣ፣ ስቆጣ ሳኮርፍ፣ ዝም ስለው ሁሉ፣ እዚያ ውስጥ ተቀምጦ እያየኝ ነበር። የተሰጠውም አንድ ጸሎት ብቻ ስለሆነ በእሱ ውስጥ ነው ወደ እኔ መንገድ የፈለገው። እስካሁንም የማይገባኝ፣ ያን ጸሎት ማን አስተረፈለት? ያኮረፍኩት ጌታ በየማታው ጠረጴዛዬ ላይ እየመጣ፣ የእኔን እጅ በባሌ አፍ ሲያስጠራ ነው የከረመው።

አሜን ማለት ነበረብኝ። አልወጣ አለኝ። አፌ ዝም ብሎ ይከፈታል ይዘጋል፤ ይኸው ተራው የእኔ ሆነና እኔ ቃል አጣሁ። ሾርባው በረደ፣ በላዩ ላይ ቆዳ ሠራ። እሱ አልተቆጣም፣ ፊቱንም አላዞረም። ጣቱን ፋሻዬ ላይ እንዳሳረፈ፣ አፉን ገጥሞ፣ ዓይኑን እኔ ላይ ተክሎ ጠበቀኝ።

«አሜን» አልኩ በመጨረሻ።

አፉን ከፈተ። ማንኪያውን በግራ እጄ አነሳሁና የበረደውን ሾርባ አበላሁት።